በግሎባል ሰርጀሪ መሥራት እፈልጋለሁ፤ እዚሁ ልማር ወይስ ልሂድ?

ጥያቄ፦ «በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በጠቅላላ ሐኪምነት መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ አድርጌ ግሎባል ሰርጀሪ በሚባለው መስክ መሥራት እፈልጋለሁ። እዚሁ ልማር ወይስ ፈተናዎቹን ወስጄ በቀጥታ ወደ ውጭ ልሂድ? ምርምር ሠርቼ አላውቅም፤ መቼና በምን ልጀምር? ከውጭ እየመጡ ለሳምንት ኦፕራሲዮን ሠርተው ከሚሄዱ ቡድኖች ጋር መሥራትስ ይጠቅመኛል? እህታችሁ።»

ምላሽ፦ ዶክተር፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ስፔሻሊቲውን እዚሁ ወይም በአካባቢያችን አገሮች ተማሪ። ወደ ውጭ የምትሄጂው ከዚያ በኋላ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ይዘሽው የምትመለሽውን ሙያ ለይተሽ ይሁን። ምርምሩ ሬዚደንሲ እስክትገቢ አይቆይ፤ አሁን ባለሽበት ሆስፒታል ያለው የኦፕራሲዮን መዝገብ ይበቃሻል። ከውጭ የሚመጡት ቡድኖች አንዳንዶቹ በጣም ይጠቅማሉ፣ አንዳንዶቹ ሥራ ያበዛሉ። መለያውን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ መስኩ እንግባባ። ግሎባል ሰርጀሪ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሻንጣ አንጠልጥሎ ካገር አገር እየዞረ የሚያክም ሐኪም ነው። ያ ከመስኩ ትንሹ ክፍል ነው። ስሙ የገነነው በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የላንሴት የግሎባል ሰርጀሪ ኮሚሽን ሪፖርት ሲወጣ ነው። ኮሚሽኑ ያወጣው ሒሳብ እንዲህ ይላል፦ 5 ቢሊዮን ሰው ደህንነቱ የተጠበቀ፣ በጊዜው የሚደርስና ኪሱ የሚችለው ቀዶ ሕክምናና ማደንዘዣ አያገኝም። በዓለም ላይ በዓመት ከሚሠራው 313 ሚሊዮን ኦፕራሲዮን፣ ከዓለም ሕዝብ ከሲሶ በላይ የሚኖርባቸው ድሃ አገሮች የሚደርሳቸው 6 በመቶው ነው። ጉድለቱን ለመሙላት በየዓመቱ ሌላ 143 ሚሊዮን ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል።

አንቺ ከዚያ ሪፖርት ልብ ልትዪ የሚገባሽ መለኪያዎቹን ነው፤ ወደፊት የምትጽፊው ፕሮፖዛል ሁሉ በእነሱ ላይ ይቆማልና። ከሕዝቡ ስንቱ ነው በ2 ሰዓት ውስጥ ሦስቱን ኦፕራሲዮኖች (ሲዛሪያን፣ ላፓሮቶሚ ማለትም ሆድ ከፍቶ የሚሠራ፣ የክፍት ስብራት ሕክምና) የሚሠራ ሆስፒታል የሚደርሰው? ለ100,000 ሰው ስንት ቀዶ ሐኪም፣ የማደንዘዣ ሐኪምና የማህፀንና ጽንስ ሐኪም አለ (ግቡ 20 ነው)? ለ100,000 ሰው በዓመት ስንት ኦፕራሲዮን ይሠራል (ግቡ 5,000 ነው)? ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሞተው ይመዘገባል ወይ? ለመታከም ብሎ በሬውን ሸጦ ለድህነት የሚዳረገው ስንቱ ነው? በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የዓለም ጤና ጉባኤ ድንገተኛና መሠረታዊ ቀዶ ሕክምና የሁሉ አቀፍ የጤና ሽፋን አካል እንዲሆን ውሳኔ አሳለፈ፤ የእኛም ጤና ሚኒስቴር «ሳልትስ» የተባለውን የቀዶ ሕክምና ንቅናቄ ጀመረ። እንግዲህ አስቢው፤ አንቺ ያለሽው ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል በታሰበ ሆስፒታል ውስጥ ነው፣ ሲዛሪያኑን የሚሠራው ብዙ ጊዜ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያው (አይኢኤስኦው) ነው፣ ክፍት ስብራቱ ሪፈር ይደረጋል። የውጭ ተመራማሪ በቪዛና በፈንድ ሊያየው የሚመጣው ነገር ደጃፍሽ ላይ ነው ያለው።

ወደ ምርጫው ልምጣ። የአሜሪካው መንገድ የሚታወቅ ነው፦ ዩኤስኤምኤልኢ (ስቴፕ በሚባሉ ደረጃዎች የሚሰጠው የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና)፣ ከዚያ ማች (አመልካችንና ሆስፒታልን የሚያገናኘው ድልድል)፣ ከዚያ ለጀነራል ሰርጀሪ 5 ዓመት። ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ የስቴፕ 1 ውጤት «አለፈ፣ ወደቀ» ብቻ ስለሆነ ክብደቱ ወደ ስቴፕ 2 ዞሯል። ለውጭ ምሩቅ በቀዶ ሕክምና ቋሚ ቦታ ማግኘት ከውስጥ ደዌ በእጅጉ ይከብዳል፤ ፈተናውና ማመልከቻው ብቻ ሁለት ሦስት ዓመት ሊበላ ይችላል። በጄ-1 (የልውውጥ ሠልጣኝ) ቪዛ ከሠለጠንሽ ደግሞ ስትጨርሺ ሁለት ዓመት አገርሽ የመኖር ግዴታ አለብሽ፣ ዌቨር (ከግዴታው ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ) ካላገኘሽ በቀር። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሥልጠናው ይዘት ነው። አሜሪካ የሠለጠነ ጀነራል ሰርጅን በካሜራ በሚሠራው ላፓሮስኮፒና በሮቦት ላይ እጁ ይፈታል፤ ሲዛሪያን አይሠራም፣ በተሰበረ እግር ላይ ኤክስተርናል ፊክሴተር (አጥንቱን ከውጭ የሚይዝ ብረት) አይገጥምም፣ የራስ ቅል በስቶ የተጠራቀመ ደም አያስወጣም። በአንድ የዞን ሆስፒታል ሌሊት የሚመጣው ግን ይኸው ነው። ነዋሪነትሽን እዚያ ማድረግ ከፈለግሽ መንገዱ ጥሩ ነው፤ በዚህ መስክ እዚህ ለመሥራት ከሆነ ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው።

እንግሊዝ ከስፔሻሊቲ በኋላ የሚጠቅም በር አላት። ኤምአርሲኤስን (የእንግሊዝ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጆችን ፈተና) ያለፈ ሐኪም ፕላብ (ለውጭ ምሩቃን የሚሰጠውን የምዝገባ ፈተና) ሳይወስድ መመዝገብ ይችላል፤ የሜዲካል ትሬኒንግ ኢኒሼቲቭ ፕሮግራምም እስከ 24 ወር ሠልጥኖ ለመመለስ ተብሎ የተሠራ ነው። የገልፍ አገሮች የሥራ ገበያ ናቸው። ቤተሰብ ለመደገፍ ቢሄዱ አያሳፍርም፣ ግን ምርምርና የሥርዓት ግንባታ ይገኝበታል ብለሽ አትሂጂ።

እዚህ ጀነራል ሰርጀሪ 4 ዓመት ነው። ሆስፒታሉን በስሙ አትምረጪ። ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት እዚያ ያሉ የሦስተኛ ዓመት ሬዚደንቶችን ፈልገሽ ጠይቂያቸው፦ ባለፈው ዓመት ራሳችሁ ዋና ሆናችሁ ስንት ላፓሮቶሚ ሠራችሁ? ሌሊት ሲኒየር ይመጣል ወይስ በስልክ ብቻ ነው? በኤሌክቲቭ (በቀጠሮ) ቀን ስንት ኬዝ በማደንዘዣ ባለሙያ፣ በኦክስጅን ወይም በውሃ እጦት ይሰረዛል? የሞትና የውስብስብ ችግር ስብሰባ በየሳምንቱ ይካሄዳል ወይ? አምስተኛ ካስፈለገ፣ አጥንትና ኒውሮሰርጀሪ ላይ ሮቴሽናችሁ የእውነት ነው ወይስ የወረቀት? ብዙ ሬዚደንት ያለበት ትልቅ ሆስፒታል ብዙ ታካሚ ቢኖረውም ለአንድ ሬዚደንት የሚደርሰው ኬዝ ሊያንስ ይችላል።

ሆስፒታሉ የኮሴክሳ እውቅና ያለው መሆኑንም እይ። የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡባዊ አፍሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ (ኮሴክሳ) የተቋቋመው በ1999 ነው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አሩሻ ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ከ2 ዓመት በኋላ የአባልነት ፈተናው ኤምሲኤስ፣ ከዚያ እንደ ዘርፉ የፌሎነት ፈተናው ኤፍሲኤስ፤ ለጀነራል ሰርጀሪ ጠቅላላው 5 ዓመት ይሆናል። ጥቅሙ የምስክር ወረቀቱ ብቻ አይደለም። ፈታኙ ከሌላ አገር ስለሚመጣ የቤትሽ ሲኒየር ያላየውን ጉድለት ያይልሻል፤ ናይሮቢ፣ ኪጋሊና ብላንታየር ካሉ የዕድሜ እኩዮችሽም ጋር ያስተዋውቅሻል። በኋላ ብዙ አገር ያለበት ጥናት ስትሠሪ የምትደውዪው ለእነሱ ነው። በሚሽን ሆስፒታል መማር የሚስማማሽ ከሆነ ፓክስ የተባለው የአፍሪካ ክርስቲያን ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ በሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልና በሚዩንግሱንግ የ5 ዓመት ሥልጠና ይሰጣል፤ ሬዚደንቱ ጥቂት ስለሆነ እጅ ቶሎ ይፈታል።

ሎግቡክሽን (የገባሽበትን ኦፕራሲዮን ሁሉ የምትመዘግቢበትን ደብተር) ከዛሬ ጀምሪ፣ ጠቅላላ ሐኪም ብትሆኚም። ቀን፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ምርመራው፣ የኦፕራሲዮኑ ዓይነት፣ ድንገተኛ ወይም ቀጠሮ፣ ያንቺ ድርሻ (ረዳት፣ በሲኒየር ፊት ዋና፣ ብቻሽን ዋና)፣ ታካሚዋ ስትወጣ የነበረችበት ሁኔታ። ስም አይጻፍበት፣ ኮድ ብቻ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከትዝታ የተሞላ ሎግቡክ በፈታኝ ፊት በአምስት ደቂቃ ይታወቃል።

አንድ ነገር በመንገዴ ላይ ልበል። በቀዶ ሕክምናና በማደንዘዣ መካከል ልብሽ ከተከፈለ ማደንዘዣን ምረጪ። የዓለም የማደንዘዣ ሐኪሞች ፌዴሬሽን ለ100,000 ሰው ቢያንስ 5 የማደንዘዣ ሐኪም ይኑር ይላል፤ እኛ አጠገቡም አይደለንም። ቀዶ ሐኪም ኖሮት ማደንዘዣ የሌለው ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍሉን ይቆልፋል።

አሁን ወደ ምርምሩ፤ ረዘም አድርጌ የምጽፈው እዚህ ላይ ነው፣ ሥራሽን ከሌላው የሚለየው ይህ ስለሆነ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም አዲስ ነገር አትሰብስቢ። ከሜዲካል ዳይሬክተሩ ፈቃድ ወስደሽ ያለፈውን 12 ወር የኦፕራሲዮን መዝገብ ቁጠሪ፦ ጠቅላላ ብዛት፣ ሲዛሪያን፣ ላፓሮቶሚ፣ ክፍት ስብራት፣ ከሆስፒታል ሳይወጣ የሞተ፣ ሪፈር የተደረገና ምክንያቱ። የትኛው ዓምድ ባዶ እንደሚቀር መዝግቢ። ብዙ ቦታ ማደንዘዣው የተጀመረበት ሰዓት፣ የፈሰሰው ደም መጠንና ታካሚው የወጣበት ሁኔታ አይሞላም። ይህን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ለሆስፒታሉ አመራር ስጪ። ለኅትመት አይበቃም፤ ግን ማን እንደሚያግዝሽና ማን እንደማይፈልግሽ በዚያ ገጽ ታውቂያለሽ።

ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጪ። ለመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚበጀው ከሲዛሪያን በኋላ የሚያመረቅዝ ቁስል ነው፦ ኬዙ በቂ ነው፣ ትርጉሙ የታወቀ ነው፣ መፍትሔውም እጅሽ ውስጥ አለ። ትርጉሙን አንዴ ወስነሽ አትቀይሪው። በ30 ቀን ውስጥ ከቁስሉ መግል ከወጣ፤ ወይም ሕመም፣ እብጠት፣ መቅላት ወይም ትኩሳት ኖሮት ሐኪም ቁስሉን ከከፈተው፤ ወይም ሐኪሙ «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ ከመዘገበው፣ ኢንፌክሽን ነው። ካልቸር (ጀርም አብቅሎ የሚለይ) ላብራቶሪ የለንም ብለሽ አትቅሪ፣ ለዚህ ትርጉም አያስፈልግም።

ችግሩ ክትትሉ ላይ ነው። ወላዷ በሦስተኛው ቀን ትወጣለች፣ ቁስሉ የሚያመረቅዘው ከዚያ በኋላ ነው። ተመልሰው የመጡትን ብቻ ከቆጠርሽ መጠኑ በግማሽ አንሶ ይታይሻል፣ ሥራሽም ገና ከጅምሩ ይበላሻል። አራስ ደግሞ በቀላሉ ከቤት አትወጣም፤ ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን እስኪሞላ ክርስትና የምትጠብቅበት አገር ላይ ነሽ። ስለዚህ ከመውጣቷ በፊት ሦስት ስልክ ቁጥር ውሰጂ፦ የራሷን፣ የባሏን፣ የምትታረስበትን ቤት፤ ብዙ ሴት እናቷ ቤት ነው የምትታረሰው። ቁጥሮቹን እዚያው ደውለሽ አረጋግጪ። በ10ኛውና በ30ኛው ቀን ይደወል። ስልክ ያልተገኘላትን በ45ኛው ቀን ሕፃኑን ለክትባት ስታመጣ ጠይቂያት። ከአምስት አንዷ በላይ ካመለጠችሽ ውጤቱን ሰው አያምንሽም። ደዋይዋ አዋላጅ ነርስ ትሁን፤ ኦፕራሲዮኑን የሠራው ሰው ራሱ ከደወለ «ደህና ነኝ» የሚለው መልስ ይበዛል፣ በይሉኝታ።

ቅጹ ከ20 ጥያቄ አይብለጥ። ኮቦቱልቦክስ የተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት በስልክ ይሠራል፣ በነፃ ነው፤ ወረቀትም ይሆናል። ከ10 ቅጽ አንዱን ሌላ ሰው ከካርዱ ላይ እንደገና ይሙላው፤ ልዩነቱን አወዳድሪ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ስህተት የሚገኘው።

ስለ ብዛት ሒሳቡን አስቀድመሽ ሥሪ። በወር 40 ሲዛሪያን ይሠራል እንበል። በ6 ወር 240 ይሆናል፤ መጠኑ 10 በመቶ ቢሆን 24 ሴቶች ናቸው፣ እውነተኛው ቁጥር ግን ከ6 እስከ 14 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። 10 በመቶውን ወደ 6 አወረድኩ ብለሽ ለማሳየት በፊትም በኋላም ወደ 720 የሚጠጉ ሴቶች ያስፈልጉሻል፤ በአንቺ ሆስፒታል ከማሻሻያው በፊት አንድ ዓመት ተኩል፣ በኋላ ሌላ አንድ ዓመት ተኩል ማለት ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው፦ በ80 ታካሚ «ኢንፌክሽን ቀነሰ» ብሎ ይጽፋል። መውጫው ውጤቱን ትተሽ አሠራሩን መለካት ነው። አንቲባዮቲኩ ከቆዳ መቅደድ በፊት በ60 ደቂቃ ውስጥ የተሰጣቸው ከ40 ወደ 80 በመቶ ማደጉን ለማሳየት በየወገኑ 25 ሴት ይበቃል። ያ ለእያንዳንዱ ወገን ከአንድ ወር ያነሰ ሥራ ነው።

አሠራሩ ለምን እንደሚጓደልም ቀርበሽ እይ። ትዕዛዙ ዋርድ ላይ ይጻፋል፣ መድኃኒቱ እዚያው ይሰጣል፣ ከዚያ ድንገተኛ ይገባና ጠረጴዛው ሦስት ሰዓት ይዘገያል። ወይም በድሮው ልማድ እትብት እስኪታሰር ይጠበቃል። መፍትሔው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ በማደንዘዣ ባለሙያው እጅ እንዲሰጥና ከመቅደድ በፊት በቼክሊስቱ ጮክ ተብሎ እንዲጠየቅ ማድረግ ነው፦ ሴፋዞሊን 2 ግራም በደም ሥር፤ ኦፕራሲዮኑ ከ4 ሰዓት ካለፈ ወይም ከ1,500 ሚሊ ሊትር በላይ ደም ከፈሰሰ ይደገማል። የዓለም ጤና ድርጅት ቼክሊስት በ19 ነጥብና በሦስት ማቆሚያ በ2008 የወጣ ነው፤ በስምንት ከተሞች በተሠራው ጥናት ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ሆኖም ወረቀቱን ቆጥረሽ «100 በመቶ ተሞልቷል» አትበይ፤ ታካሚው ገና ሳይገባ ሦስቱም ክፍል ራይት ተደርጎ ይገኛል። ጥግ ላይ ቆመሽ በዓይንሽ ቁጠሪ።

አንድ ጥብቅ ምክር፦ የመጀመሪያው ሪፖርትሽ የማንንም ስም አያውጣ፣ ተዘዋዋሪ በሆነ መንገድም ቢሆን። ቁጥሩ አንዴ ለቅጣት ከዋለ በሚቀጥለው ወር መዝገቡ ላይ የሚያመረቅዝ ቁስል አይገኝም።

ይህ ዓይነቱ ሥራ ትንሽ እንዳይመስልሽ። ላይፍቦክስ የተባለው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ድርጅት በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ባካሄደው «ክሊን ከት» ፕሮግራም የተመለከታቸው እጅና ቆዳ ማጽዳት፣ የጋውንና የድሬፕ ንጽሕና፣ የመሣሪያ ማምከን፣ የአንቲባዮቲክ ሰዓት፣ የጎዝ ቆጠራና ቼክሊስት ነበሩ፤ ኢንፌክሽኑ በሲሶ ያህል ቀንሷል። በ2022 የታተመው የቺታ ጥናት ቤኒንን፣ ጋናን፣ ናይጄሪያንና ሩዋንዳን ጨምሮ በሰባት አገሮች ከ13,000 በላይ ታካሚዎች ላይ አንድ ነገር ብቻ ፈተነ፦ ሆድ ከመዘጋቱ በፊት ጓንትና መሣሪያ መቀየር። ኢንፌክሽን ከ18.9 ወደ 16.0 በመቶ ወረደ። ኡጋንዳ ውስጥ ደግሞ 300 ያህል ወንዶች ላይ በተሠራ የቡአ ጥናት፣ ከትንኝ አጎበር ጨርቅ የተዘጋጀ መረብ ከውዱ የፋብሪካ መረብ እንደማያንስ ታየ (ከገበያ የተገዛ አጎበር ቆርጠሽ ስፊ ማለት አይደለም፤ ጨርቁም አመካከኑም ተመርጦና ተፈትሾ ነው)። በ25 የአፍሪካ አገሮች የተሠራው ትልቁ ጥናት በ2018 ሲወጣ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሞተው 2.1 በመቶ፣ የዓለም አማካይ እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ ከሟቾቹም 94 በመቶ ያህሉ የሞቱት ከኦፕራሲዮኑ ማግስት ጀምሮ ባሉት ቀናት ነው። ይህ ማለት ገዳዩ ያለው ዋርድ ላይ፣ ሌሊት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት በማይለካበት ሰዓት ነው። ሁለተኛ ጥያቄ ስትፈልጊ ወደዚያ ሂጂ።

የወረቀቱ ነገር አጭር ነው፤ የረሳው ግን ዋጋ ይከፍላል። የመዝገብ ቆጠራ እንኳ ለኅትመት ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ወይም የነፃ መሆን ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ ሆስፒታልሽ ኮሚቴ ከሌለው በአቅራቢያሽ ያለው ዩኒቨርሲቲ ወይም የክልሉ የጤና ምርምር ተቋም አለው። ፈቃዱ ወደ ኋላ አይሰጥም፤ ሰብስበሽ ከጨረስሽ በኋላ መሄድ ከንቱ ነው። ጽሑፍ ለማንበብ ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው የሳይንስ መጽሔቶች ማግኛ ለኢትዮጵያ ተቋማት በነፃ ክፍት ነው። ብዙ መጽሔቶች ከእኛ አገር ለሚመጣ ጽሑፍ የማሳተሚያ ክፍያ ይተዋሉ፤ ጽሑፉን ስትልኪ ጠይቂ፣ ከተቀበሉ በኋላ ይከብዳል። በኢሜይል «የተከበሩ ፕሮፌሰር» እያለ በሳምንት አትማለሁ የሚልሽን ሰርዢው። የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናልና የኮሴክሳው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የቀዶ ሕክምና መጽሔት ለመጀመሪያ ሥራ ይሆናሉ።

ከውጭ ተመራማሪ ጋር ከሠራሽ ደራሲነት መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ አንደኛ ማን፣ መጨረሻ ማን፣ መረጃው የት ይቀመጣል፣ ከዚህ ጥናት ሁለተኛ ጽሑፍ ቢወጣ ማን ይጠየቃል። የተለመደው በደል ግልጽ ነው፦ እዚህ ያለው 600 ቅጽ ይሞላል፣ ስሙ መሃል ላይ ይቀበራል። የአዘጋጆቹ ዓለም አቀፍ መስፈርት አራት ነገር ይጠይቃል፤ በጥናቱ እውነተኛ ድርሻ፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። ቅጽ ሞልቶ የተቀመጠ ደራሲ አይባልም፣ ስለዚህ ረቂቁ ሲጻፍ ግቢበት፤ የውጤት ክፍሉን ራስሽ ጻፊ። ትንታኔውን ለሌላ ሰው አሳልፈሽ እንዳትሰጪም «አር» ወይም ስታታ የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ተማሪ። የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ከሬዚደንሲ በኋላ ይቆይሽ፤ በፊት ከወሰድሽው ወደ ፕሮግራም ሥራ ይወስድሽና ቢላውን ትረሺዋለሽ።

ፌሎሺፕ (ተጨማሪው ሥልጠና)፣ ከስፔሻሊቲ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ብቻሽን ሠርተሽ ቢሆን ይሻላል፤ ምን እንደሚጎድልሽ የምታውቂው ያኔ ነው። ለምርምርና ፖሊሲ የሃርቫርድ የግሎባል ሰርጀሪና ማኅበራዊ ለውጥ ፕሮግራም፣ ከኮሴክሳ ጋር ከ2007 ጀምሮ የሚሠራው የአየርላንድ ሮያል ኮሌጅ፣ ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ፣ በሩዋንዳ ያለው የዓለም አቀፍ ጤና ፍትሐዊነት ዩኒቨርሲቲ አሉ። ለእጅ ሙያ ከሆነ ግን ከመሄድሽ በፊት ከቀጣሪሽ ጋር ስትመለሺ ስለሚኖርሽ ነገር በጽሑፍ ተስማሚ፦ የኦፕራሲዮን ቀናት፣ ለምርምር የተተወ አንድ ቀን፣ መሣሪያው፣ አብሮሽ የሚሠለጥን ነርስና የማደንዘዣ ባለሙያ። ብቻውን የሠለጠነ ቀዶ ሐኪም ስቴፕለርና ክር በሌለበት ተመልሶ ከስድስት ወር በኋላ የግል ክሊኒክ ውስጥ ይገኛል። የቅዱስ ጳውሎስ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2015 ሲጀመር ሥራው የአንድ ቀዶ ሐኪም አልነበረም፤ የኩላሊት ሐኪሙ፣ ማደንዘዣው፣ ነርሱና ላብራቶሪው አብረው ነው የቆሙት። የአዲስ አበባው የኒውሮሰርጀሪ ሥልጠናም በ2006 ከኖርዌይ በርገን ጋር ሲጀመር ሬዚደንቶቹ እዚሁ እየሠሩ ተማሩ፣ መምህራኑ ተመላለሱ።

ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ወይም ከቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ጋር ለመሥራት ካሰብሽ እዚህ የተማርሽው ሰፊ ሥልጠና ያኔ ይከፍልሻል። የሚፈለገው ላፓሮቶሚ፣ ሲዛሪያን፣ ኤክስተርናል ፊክሴተር፣ የቃጠሎ ቆዳ ማልበስ፣ የጥይት ቁስል አጽድቶ ክፍት ትቶ ከ4 እስከ 7 ቀን ውስጥ መዝጋት ነው። ፈረንሳይኛ ወይም ዐረብኛ ጨምሪበት፤ የምትመደቢባቸው ቦታዎች በእጥፍ ይሰፋሉ።

ወደ ውጭ ቡድኖቹ ልመለስ። መምጣታቸው ከመወሰኑ በፊት የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው። ታካሚዎቹን የሚመርጠው ማን ነው፣ ከእኛ ሐኪም አንዱ ዋና ሆኖ የሚሠራቸው ኬዞች ስንት ናቸው? በመጨረሻው ቀን ትልቅ ኬዝ አይያዝም ወይ? አውሮፕላን ማረፊያ በሚሄዱበት ዕለት ያገጣጠሙት አንጀት በአምስተኛው ቀን ሲያፈስ የሚከፍተው ተረኛው ነው። በዚያ ሳምንት የተለመደው ድንገተኛ ኦፕራሲዮን የት ይሠራል? የሚያመጡት ክርና መድኃኒት ጊዜው እስኪያልፍ ከአንድ ዓመት በላይ የቀረው ነው ወይስ ሊያልፍበት የተቃረበ? ማሽን ካመጡ በ220 ቮልት ይሠራል፣ ማኑዋሉ አለ፣ የሚያልቅበት ዕቃ አዲስ አበባ ይሸጣል ወይ? በድሃ አገሮች ሆስፒታሎች ካለው የሕክምና መሣሪያ ወደ 40 በመቶው እንደማይሠራ የታየው በአብዛኛው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። የሠለጠነ ሰው የለም፣ መለዋወጫ የለም፣ መብራቱ ይዋዥቃል። ለኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ስታቢላይዘር አብሮ ካልመጣ አትፈርሚ፤ ማጣሪያውን ማን በየሳምንቱ እንደሚያጥብም ስሙ ይጻፍ።

መልሳቸው ጥሩ ከሆነ አብረሻቸው ሥሪ፣ ዋናውን ቦታ ጠይቂ፣ ከተቻለም በየዓመቱ እዚያው ሆስፒታል የሚመለስ ቡድን ምረጪ። የታካሚዎቹን ስልክ ቁጥር ሦስት ሦስት አድርገሽ ያዢ። በ30ኛው ቀን ደውለሽ ያገኘሽውን ለእነሱም ለሆስፒታልሽም በአንድ ቅጂ ላኪ፤ ለዚህ የሚመልስልሽን ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ጥሪው፣ ዝም ያለሽን ግን ለኦፕራሲዮን ክፍሉ ኃላፊ ነግረሽ ፕሮግራሙን ለሌላ አስለቅቂ።